ሦስት ሻጭ ያልተገኘለት ክዳን

ጋሽ ሦስት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሞተ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የአበባ ጉንጉን ሊልክለት ወስኖ ነበር። ጉንጉኑ የደረሰው ግን ከተቀበረ በኋላ ነው። ከሦስት ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ፕሮፎርማ የሚሉትን፣ መሰብሰብ ነበረበት፤ ሦስተኛው አበባ ሻጭ ደግሞ ልጁን ሊድር ሱቁን ዘግቶ ነበር። ቤተሰቡን ቅር አለው። በቅርብ የሚያውቁት ግን፣ ጉንጉኑ በሰዓቱ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሟቹ ራሱ ከሳጥኑ ቀና ብሎ «በምን አግባብ ተገዛ?» ሳይል አይቀርም ነበር ብለው ተጽናኑ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የግዥ ክፍል ኃላፊ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ከደመወዝ ወረቀቱ ውጭ ግን የሚጠራበት አልነበረም። ከሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛ ጋሽ ሦስት ነው የሚሉት። ሦስት ሻጭ ዋጋ ያልሰጠበት ዕቃ፣ መርፌም ይሁን አልጋ፣ በእሱ ዘመን የግቢውን በር አልፎ አያውቅም።

ለዚህም ምክንያት ነበረው። ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ሆስፒታሉን የአማቾቹ ገበያ አድርጎት ነበር። አንሶላው ከሚስቱ ወንድም፣ ሳሙናው ከሚስቱ እህት፣ የሬሳ መጠቅለያው ሳይቀር ከሚስቱ አክስት ባል ይመጣል። አንሶላው አንዴ ከታጠበ ከሕፃን አልጋ በላይ አይሸፍንም። ጋሽ ሦስት በተሾመ በዓመቱ አማቾቹን አንድ ባንድ ጠርጎ አስወጣ። ይህን ጠላቱም አይክደውም። ጥፋቱ፣ ሌባ የሚያቆም አጥር መድኃኒትም ሊያቆም እንደሚችል በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ትዝ ያላለው መሆኑ ነው።

ጠያቂ ክፍሎች የሚልኩለትን የግዥ ጥያቄ በቀይ ብዕር ያነባል። ያልጣመውን ጥግ ላይ «ይብራራ» ብሎ ይመልሳል። ጽሕፈቱ እንደ ድሮ ደብዳቤ ጸሐፊ የተዋበ ነው። አንድ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጓንት ቢጠይቅ «ይብራራ፤ ለየትኛው እጅ?» ብሎ እንደመለሰ ይወራል። እሱ ይህን ወሬ አልካደም፤ ጓንት በጥንድ እንደሚመጣ ማንም በጽሑፍ አላስረዳኝም ነው ያለው። ሚስቱ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እኔን ከማግባቱ በፊት ሁለት ሌሎች ሴቶች አይቶ ነበር፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ ያሸነፍኩትም በዋጋ ዝቅታ ሳይሆን አይቀርም እያለች ታስቃለች። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን አላስተባበለም።

በዚህ ዓለም ላይ ጋሽ ሦስት ሳያወዳድር የወሰዳት አንድ ሰው ብትኖር ታላቅ እህቱ ናት። እታለም ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት፣ እሷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ልብስ እየሰፋች አሳደገችው፤ ዩኒፎርሙን ሰፍታ፣ ደብተሩን ገዝታ፣ ፈተና ሲደርስ ከስፌት መኪናዋ ጎን አስቀምጣ አስጠናችው። እሱ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶትም እሷ የምትጠራው ማሙሽ እያለች ነው።

ያቺ እታለም አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ግማሽ ጎኗ ከዳት። ደም በጭንቅላቷ ፈሶ ነው አሉ። ወደ እሱው ሆስፒታል አምጥተው ፎቅ ላይ ሴቶች ክፍል አስተኟት። ነፍሷ ተረፈች፤ ጉሮሮዋ ግን ሥራውን ረሳ። አክታዋን መዋጥም መትፋትም አትችልም። ሐኪሙ ለጋሽ ሦስት ያስረዳው አጥርቶ ነው። ሳክሽን የሚሉት አክታ መሳቢያ ማሽን በየጊዜው ጉሮሮዋን ካላጸዳላት፣ በሽታው ቢምራት እንኳ አክታው ያንቃታል።

«ማሽን አለ አይደል?» አለ ጋሽ ሦስት።

ማሽን አለ። ክፍሉ አሥራ አራት አልጋ ነው፤ ማሽኑ አንድ ነው። ከአልጋ አልጋ እየተገፋ ይዞራል። እሱ ከጎኗ በተቀመጠበት በመጀመሪያው ቀን እንኳ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ካለችው ሴት ዘንድ ሳለ የእታለም ጉሮሮ ውሃ እንደተኛበት ቱቦ መንቆርቆር ጀመረ። ዓይኗ ወጣ። በደኅናው እጇ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። ማሽኑ ሲደርስላት ላቧ ትራሱን አርሶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው በክፍሉ ጥግ ጨርቅ ለብሶ የቆመ ሌላ ማሽን ያየው። ዋና ነርሷን፣ ሁሉም ሲስተር የሚላትን፣ ያ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ሁለተኛው ሳክሽን ነው አለችው። ሞተሩ ደኅና ነው፤ የጠርሙሱ ክዳን ነው የተሰነጠቀው። በስንጥቁ አየር ስለሚገባ ማሽኑ ይጮሃል እንጂ አይስብም። ከቆመ አምስት ወሩ።

አምስት ወር ሙሉ ክዳን አትጠይቁም ነበር ወይ ብሎ ተቆጣ። ሲስተር ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። መሳቢያዋን ከፍታ ሦስት ወረቀት አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። በመጀመሪያው ጥግ ላይ በቀይ «ይብራራ፤ የምን ክዳን?» ይላል። በሁለተኛው «ይብራራ፤ ቀለሙ አልተገለጸም» ይላል። ሦስተኛው ላይ «ሦስት ፕሮፎርማ ይያያዝ» ተብሏል።

ቆሞ አነበበ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ፤ ሌላ ሰው የጻፈው ሆኖ ቢገኝ ደስ ባለው ነበር።

«ጽሕፈትዎ ያምራል ጋሼ» አለች ሲስተር። «ለሕመምተኞቹም አሳይቻቸዋለሁ።»

ያን ቀን ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋና መመሪያውን አወጣ። መመሪያውን ያረቀቀው እሱ ነው፤ ቀዳዳ ካለውም የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ቀዳዳ ነበረው። ዕቃው ሻጩ አንድ ብቻ ከሆነ ያለ ውድድር ከዚያው ከአንዱ ይገዛል። እንዲህ ያለው ክዳን ደግሞ በከተማው ውስጥ ያለው የማሽኑ ወኪል ዘንድ ብቻ ነው። ጋሽ ሦስት ሊስቅ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ያለውን ሐረግ አነበበ። ሻጩ አንድ ብቻ ለመሆኑ፣ ዕቃው የለንም የሚል ደብዳቤ ከሌሎች ሦስት ነጋዴዎች ይቅረብ ይላል። ይህን ሐረግ ሲጽፍ በጣም ተደስቶበት እንደነበር ትዝ አለው።

በማግስቱ ሰው ሳይልክ ራሱ ወጣ። የተሰነጠቀውን ክዳን በፌስታል ያዘ። ዕቃ ከግቢ ያለ ፈቃድ አይወጣምና ለራሱ የመውጫ ፈቃድ ጻፈ፣ ለራሱ ፈቀደ፣ ከራሱ ተረከበ፤ ዘበኛውም ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ አሳለፈው።

የሕክምና ዕቃ ሻጮች ሱቅ አንድ መንገድ ላይ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ነጋዴ ክዳኑን አገላብጦ አየና አለን አለ። የት እንዳለ ሲጠየቅ ይመጣል አለ። ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ ከሚመጣበት አለ። ጋሽ ሦስት በትዕግሥት አስረዳው፤ እኔ የምፈልገው ክዳኑን አይደለም፣ ክዳኑ የለኝም የሚል ደብዳቤ ነው። ሰውየው ዕብድ ያየ መሰለው። ሃያ ዓመት ስነግድ የለም የሚል ቃል ከዚህ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም ብሎ ፕሮፎርማ ጽፎ ሰጠው።

ሁለተኛዋ ጠና ያለች ሴት ናት። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ስለ እህቱም ስትሰማ ከልቧ አዘነች። ደብዳቤው ላይ ሲደርስ ግን እጇን አጣጠፈች።

«ወንድሜ፣ እናቴ የለችም ብለሽ ፈርሚ በለኝ፣ እፈርማለሁ። ዕቃ የለኝም ብዬ በገዛ ማኅተሜ? ነገ ማን ደጄን ይረግጣል?»

«ግን የለሽም።»

«የለኝም። ታዲያ እሱ ሌላ ነገር ነው።»

እሷም ፕሮፎርማ ሰጠችው። ሦስተኛው ፕሮፎርማውን እየጻፈ ሳለ ቀና ብሎ፣ ይህ ዕቃ ለመሆኑ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀው። ክዳን ነው ሲለው «ክዳን፣ ጥራት ያለው» ብሎ ሞላው። ከሁሉም ያነሰ ዋጋ የሰጠውም እሱ ነው። የማያውቁትን ዕቃ ማርከስ አይከብድም።

መጨረሻ ላይ ከጎማ መሸጫ በላይ ባለ ጠባብ ደረጃ ወጥቶ ወኪሉ ዘንድ ገባ። ወኪሉ መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ነው። ስለ እህቱ ሰምቶ፣ የተሰነጠቀውን ክዳን አንዴ ብቻ አየና መሳቢያውን ሳበ፤ በላስቲክ የታሸገ አዲስ ክዳን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጋሽ ሦስት አነሣው። ቀላል ነው። መዳፉ ላይ ልክ ተቀመጠ።

«ውሰደው» አለ ሽማግሌው። «ወረቀቱ ሲያልቅ ትልከዋለህ። እህት ታንቃ ወረቀት ይጠበቃል?»

«ሳይፈረም ዕቃ አላነሣም።»

«እንግዲያ ፈርምና አንሣ።»

«በምን ላይ?»

ሽማግሌው ከጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ባዶ ወረቀት ገፋለት። ጋሽ ሦስት ወረቀቱን አየ፣ ክዳኑን አየ፤ ክዳኑን ወደ ነበረበት መለሰው። አራተኛ ፕሮፎርማ ይዞ ወረደ። ዕቃው ያለው ሽማግሌው ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ የዋጋውን ልክ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከአራቱ ውዱ የእሱ ነበር።

የግዥ ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ራሱ ጋሽ ሦስት ነው። ሒሳብ ሹሙ አራቱን ወረቀት በዋጋ ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ አሸናፊው ግልጽ ነው፣ «ጥራት ያለው» ያለው ነጋዴ ነው አለ። ጋሽ ሦስት ይህ ሰው ዕቃው የለውም፣ ስሙንም አያውቀውም አለ።

«የለኝም ብሎ በጽሑፍ ሰጥቷል?» አለ ሒሳብ ሹሙ።

«አልሰጠም።»

«አለኝ ብሎስ?»

«እሱንማ ሰጥቷል።»

«ታዲያ አለዋ። ጋሼ፣ ወረቀት የማያውቀውን እኔም አላውቅም ያሉን እርስዎ ነዎት።»

ብሎ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ በሥልጠና ላይ ይለው ነበር፤ እነሱም ማስታወሻ ይይዙ ነበር። በጥሩ ሁኔታ እንዳሠለጠናቸው ያን ቀን ገባው። ሌላ የሚለው ሲጠፋው እውነቱን አወጣው። እህቴ ፎቅ ላይ ተኝታለች፤ ክዳኑ ለእሷ ጉሮሮ ነው አለ። የሕግ ባለሙያው የብዕሩን ክዳን ገጥሞ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በጉዳዩ ዘመድ ያለው ሰብሳቢ ከስብሰባው ይነሣል። አንቀጹም የእርስዎ ነው።»

የአማቾቹን ጊዜ ለመዝጋት የጻፈው አንቀጽ ነው። ተነሣና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ነጋዴዎች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር አለ። ከዓመታት በፊት፣ ሻጮች ተደላድለው እየተቀመጡ አስቸገሩ ብሎ መደገፊያውን ያስነቀለው እሱ ነው። ተቀምጦበት አያውቅም ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ወገቡ ተያዘ።

የኮሚቴው አባላት ሲወጡ ተራ በተራ ጨበጡት። ሥራው «ጥራት ያለው» ላለው ነጋዴ ተሰጥቷል፤ ማስረከቢያው አርባ አምስት ቀን ነው። ሒሳብ ሹሙ ክንዱን ይዞ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ውሳኔ ወስነን አናውቅም፣ ሊኮሩብን ይገባል አለው። ከልቡ ነው ያለው።

ጋሽ ሦስት ወደ ፎቅ ወጣ። ከበሩ ሳይደርስ የእህቱን ጉሮሮ ድምፅ ሰማ። ሲስተር እታለምን በጎኗ አዘንብላ በጨርቅ አፏን ትጠርጋለች፤ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ነው። ሮጦ ሄደና መያዣውን ጨበጠ፤ ከዚያ ቱቦው የገባላትን ሴት ፊት አየ፤ ለቀቀው። የሰው ጉሮሮ መንጠቅ አይቻልም። የግድግዳውን ሰዓት እያየ ቆመ። ስድስት ደቂቃ ነው። እሱ አንድ ወረቀት አንብቦ «ይብራራ» ለማለት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል።

ማሽኑ መጥቶ ከጸዳላት በኋላ እታለም ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ዓይኗ ወንድሟን አገኘው። በሚታዘዝላት ግማሽ አፏ ቃሉን እየጎተተች አወጣችው።

«ማሙሽ... ሥራ የለህም እንዴ?»

እሷን ያሳሰባት ከሥራው መቅረቱ ነው።

እንዲህ ካለችው በኋላ ጋሽ ሦስት የመውጫ መዝገብ ሳይፈርም ከግቢ ወጣ። ወኪሉ ዘንድ ሄዶ ከገዛ ኪሱ ከፈለ። ሽማግሌው ደረሰኙን በማን ስም ልጻፈው አለው። በማንም አትጻፈው አለ። ይህን ከገዛ አፉ ሲሰማ ራሱን አዞረው፤ የደረጃውን ብረት ይዞ ወረደ።

አሁን ችግሩ ዕቃውን ማስገባት ነው። ስጦታ ነው ቢል ስጦታ ተቀባይ ኮሚቴ አለ። አንድ ባለጸጋ ጎማ የሌላቸው አርባ ተሽከርካሪ ወንበሮች ከለገሡ በኋላ ኮሚቴውን ያቋቋመው እሱ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል። ለግምጃ ቤት ላስረክብ ቢል ደግሞ የግምጃ ቤቷ ኃላፊ አለች። እሷን በእጁ ነው ያሠለጠናት፤ የገቢ ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ እናቷ ብታመጣላትም አትቀበልም። ስለዚህ ክዳኑን በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

በሩ ላይ የሚፈተሸው ወጪ ነው። ወደ ውስጥ የሚያሾልክ ሌባ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም፤ እሱም በሃያ ሁለት ዓመት አላሰበም። ዘበኛው ግን ዓይን አለው።

«ጋሼ፣ ኪስዎ አበጠ።»

«ዳቦ ነው።»

«ይብሉ እንጂ። ሰሞኑን ከስተዋል።»

ጋሽ ሦስት አመስግኖ ወደ ፎቅ አለፈ። ሲስተር ክዳኑን ከእጁ ስትቀበል ከየት መጣ አላለችም። ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደች፣ ገጠመችው፣ ጨርቁን ገፈፈች፣ ማሽኑን አስነሣች። አምስት ወር የቆመ ማሽን መጀመሪያ አጓራ፤ ከዚያ መሳብ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ገብቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጀ። ከግዥ ክፍል ኃላፊ፣ ለግዥ ክፍል ኃላፊ። ያለ ውድድር ገዝተዋል፣ ያለ ደረሰኝ አስገብተዋል፣ ለጥበቃ ሠራተኛ ዋሽተዋል ይላል። እንደ ሰጪ ፈረመ፣ ወረቀቱን አዙሮ እንደ ተቀባይ ፈረመ፣ አንዱን ቅጂ ለግምጃ ቤት ላከ። ለማንም ባይልክ ማንም አያውቅም ነበር። ይህን ያደረገው ለምን እንደሆነ ኋላ ሚስቱ ብትጠይቀው፣ ሰውየው ጥፋተኛ ነው፣ ምን ላድርገው አላት።

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ቅጂው እንደደረሳት መዝገቧን በብብቷ ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች። ስትደርስ ጋሽ ሦስት እህቱ አጠገብ ነው፤ ባለ አዲሱ ክዳን ማሽን የእታለምን ጉሮሮ እየሳበ ነው። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከእሱ የተማረችውን በእሱ ላይ ልትሠራ መምጣቷ ከብዷታል።

«ጋሼ፣ ቁጥር የሌለው ዕቃ ክፍል ውስጥ አይውልም። ነቅዬ ልውሰደው?»

ሲስተር ቱቦውን እንደያዘች ጋሽ ሦስትን አየችው። እሱ ደግሞ መዝገቡን አየ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ውሰጂው። እሷ ስትጨርስ።»

ኃላፊዋ ወንበር ተሰጥቷት ተቀመጠች። እታለም ጨረሰች። ኃላፊዋ ልትነሣ ስትል ሲስተር ወደ ስድስተኛው አልጋ አመለከተች፤ እዚያም መንቆርቆር ተጀምሯል። ከስድስተኛው በኋላ ዘጠነኛዋ፣ ከዘጠነኛዋ በኋላ ሁለተኛዋ። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። ያኛው ማሽንም በሌላው ወገን ሥራ አልፈታም። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ይህን ክፍል በመዝገብ ካልሆነ አይታው አታውቅም ነበር፤ አልጋ አሥራ አራት፣ አንሶላ ሃያ ስምንት እያለች ነው የምታውቀው። ዘጠነኛዋ ሴት ስታስቸግር የሰው እጅ አነሰ። ሲስተር ዞር ሳትል፣ አንቺ፣ ይህችን ጭንቅላት ያዢልኝ አለች። ኃላፊዋ መዝገቡን የት እንደምታስቀምጠው ፈለገች፤ ቦታ ስታጣ መሬት ላይ ጣለችውና ያዘች።

«ማሙሽ» አለች እታለም። ደኅናው እጇ ወደ ጎረቤቷ፣ ወደ ሁለተኛው አልጋ፣ ይጠቁማል።

ጋሽ ሦስት ተነሣ። ኮቱን አወለቀ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ማሽኑ ከዘጠነኛዋ ሲለቀቅ መያዣውን ጨብጦ፣ አንዱ ጎማው እየተንሻፈፈ የሚያስቸግረውን ብረት፣ በአልጋዎቹ መካከል እየገፋ ወደ ሁለተኛዋ ወሰደው።